ምች ያልነው በረሮ

በረሮ ይነክሳል ብላችሁ እስቲ ለሰው ንገሩ። ይስቅባችኋል። እኔማ ስንቱ ሳቀብኝ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ባጃጄን አቁሜ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አፌ አላስቀምጥ ብሎኝ ለአንዱ ተሳፋሪ ነገርኩት። ሰውየው ኋላ ወንበር ላይ ተመቻችቶ፣ «ጥርሱን አይተኸዋል?» አለኝ። አሁን የማየው ያንተን ጥርስ ነው አልኩት፤ በሆዴ። ደንበኛ ነዋ።

ግን እውነቴን ነው፤ ይነክሳል። ሁልጊዜ አይደለም። እሱም ቢሆን ሰው ባይነካ ይመርጣል። ፍርፋሪ ካለ፣ ያልታጠበ ሳህን ካለ ሰው ምን ያደርግለታል? ሲበዛ ግን፣ ቤቱ ሞልቶ እንደ እኛ ኑሮ ሲወደድበት፣ የተኛ ሰው ከንፈር ላይ የቀረችውን ቅባት ሊልስ ይመጣል። ልሶ ሲጨርስ ቆዳውንም ይሞክረዋል። የጣት ጫፍ፣ ቅንድብ፣ የአፍ ዳር። በተለይ የሕፃን። ሕፃን እጁን አንስቶ እሽ አይልማ።

ችግሩ በረሮ ያሳፍራል። ሌላው ተባይ ሁሉ ምክንያት አለው። ትኋን የነከሰው ሰው ሆቴል አድሬ ነው ይላል። ቁንጫ የያዘው ገጠር ለቅሶ ደርሼ ነው ይላል። ዝንብማ የማንም አይደለችም፤ ያገር ናት። በረሮ ግን የቤት ነው። በረሮ አለብኝ ማለት ጓዳዬ ቆሻሻ ነው ማለት ይመስለናል። ስለዚህ ማንም የለበትም። ፍኖተ ሰላምን ከላይ እስከ ታች ዞራችሁ ብትጠይቁ በረሮ ያለበት ሰው አታገኙም። በረሮዎቹ ታዲያ የት እንደሚያድሩ እንጃ።

አንድ ጊዜ ቡሬ ፉል ልበላ ገባሁ። ቡሬን ታውቋታላችሁ፤ ከባሕር ዳር የሚመጣው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ከወለጋ የሚሻገረው ሁሉ እዚያ ነው የሚተላለፈው። ፉሉ መጣ። ገና አንዴ ሳልጎርስ አንዷ በረሮ ከዳቦው ሥር ብቅ ብላ ጢሟን አወዛወዘችብኝ። አስተናጋጁን ጠራሁት። እሱ ምን ገዶት! በትከሻው ባለው ፎጣ ጠረግ አደረጋትና የእኛ አይደለችም አለኝ። ታዲያ የማን ናት ብዬ ስጠይቀው፣ መንገደኛ ናት፣ አሁን ከወለጋ ከገባው አይሱዙ የወረደች ሳትሆን አትቀርም አለ። ፉሉን ምን አደረግከው ትሉኝ ይሆናል። በላሁት። ርቦኝ ነበር። በረሮ በእግሩ ምን ይዞ እንደሚዞርም ያኔ አላውቅም።

ዛሬ አውቃለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ ትሁን ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው የተዳረችው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ሆዷ ገፋ ሲል መጣች። ጤና ጣቢያ ገብታ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ቤት ስትገባ እልልታው ሰፈሩን አናጋው። እናታችን እትዬ ባንቺአምላክ፣ እኛ እማ ነው የምንላት፣ የኋላውን ክፍል ለአራሷ አዘጋጀች። እንዴት አዘጋጀችው መሰላችሁ? መስኮቱን ዘጋች። በመስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀለች። በበሩ ላይ መጋረጃ፣ በመጋረጃው ላይ ሌላ መጋረጃ። ለምን ብትሉ ምች አለ።

ምችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ምች የተከበረ በሽታ ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ከንፈሩ ያበጠ ሰው ምች መታኝ ሲል ማንም አይስቅበትም። ዳማከሴ ይቀጠፍለታል። በመዳፍ ታሽቶ ያሸተዋል፣ ይቀባዋል። ጎረቤት ሁሉ አይዞህ ይለዋል። ምች ጓዳችሁን አይሰድብባችሁም፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። አራስና ሕፃን ላይ ይጨክናል ስለሚባል ደግሞ አራስ ያለችበት ክፍል ብርሃን አይገባም። በቃ፣ አይገባም።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ምን ነበረ? አልጋው አለ። ገንፎው አለ፤ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ገንፎ ይቀርብለታል፣ ቅቤው በጣቱ ላይ ይወርዳል፣ ሰው ሳያየው ጣቱን በፍራሹ ጠርዝ ይጠርጋል። ጥግ ላይ ለክርስትናው ጠላ የሚሆን ብቅልና ጌሾ በጆንያ ተቀምጧል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡፌው አለ።

እማ ቡፌውን የገዛችው ቡሬ ያለ አንድ ሆቴል ሲታደስ አሮጌ ዕቃውን የሸጠ ጊዜ ነው። ባለ መስታወት፣ ባለ መሳቢያ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ። በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ እማ ጋቢና ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ እየዞረች ስታየው ነው የገባችው። ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ ደረደረችበት። አራሷን የሚጠይቅ ሰው ሁሉ እንዲያየው ብላ ከሳሎን አስነስታ የኋላው ክፍል አስገባችው። በዚህ ጨለማ ማን ያየዋል አልኳት። የሚያይ ያየዋል አለችኝ።

እስቲ አስቡት። ጨለማ። ሙቀት። ቅቤ። ገንፎ። ብቅል። ጀርባው ኮምፔንሳቶ የሆነ የሆቴል ቡፌ። እኔ ራሴ በረሮ ሆኜ ብፈጠር ከዚያ ወዲያ የት እሄዳለሁ?

ልጅቷ እየፋፋች ሳለ አንድ ጠዋት ከንፈሯ ዳር ቀይ ነጠብጣብ ወጣባት። ቀጥሎ ቅንድቧ ላይ። ከዚያ የጣቶቿ ጫፍ ተላጠ። እማ አንዴ አየችና ፈረደች፤ ምች ነው። ማነው በሩን ከፍቶ የወጣው ብላ ሁላችንንም ተመለከተች፣ እኔ ላይ ግን ቆየት አለች። ዳማከሴ ተቀጠፈ። ቁስሉ እንዳይደርቅም ለጋ ቅቤ ተቀባች፤ ከንፈሯን፣ ቅንድቧን፣ ጣቶቿን። በረሮዎቹ ይህን ሲያዩ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ማዕዱ ቀርቦላቸው ነበር፤ ያውም ተቀብቶ።

ቁስሉ ባሰ። ቁስሉ ሲብስ ቅቤው ተጨመረ። ቅቤው ሲጨመር ቁስሉ ባሰ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰነበትን።

በዚህ መሃል የትሁን አማት እትዬ ጥሩወርቅ ከገበዝ ማርያም መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ደገኛ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር። ከእማ ጋር ከሠርጉ ቀን ጀምሮ እየተሳሳቁ ነው የሚጣሉት። እማ ጠላዋን ስትቀዳላቸው እሳቸው ቀመስ አድርገው፣ ጥሩ ቅራሪ ነው ይላሉ። እማ ደግሞ የቋሪት ብርድ ሰውን ቶሎ ያስረጀዋል ይባላል ትላለች፣ ፊታቸውን እያየች። እንዲህ ነው ፍቅራቸው።

ሕፃኗን ገልጠው አዩ። እማ ትንፋሿን ያዘች።

«ምች ነው» አሉ።

እማ እኔም ያልኩት እሱኑ ነው አለች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ከተጋቡ ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። ደስ ብሏቸው አንድ ላይ ቅቤ ቀቡ። እትዬ ጥሩወርቅ በመስኮቱ ጋቢ ላይ የራሳቸውን ነጠላ ደረቡበት። ሲሄዱም እማ ባዶ እጃቸውን አልሸኘቻቸውም፤ ከቡፌው ሥር ካርቶን ስባ አውጥታ ስኳርና ሳሙና ሞላችበት፣ በገመድ አስራ አሸከመቻቸው። ያችን ካርቶን እንዳትረሷት።

ሰንበት ብሎ ሕፃኗ ማሳል ጀመረች። ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ሆዷም ተነካ። ከንፈሯ ስለሚያማት ጡት ይዛ ትለቃለች፣ ይዛ ትለቃለች፤ ትሁን እያጠባች ታለቅሳለች። ወሬው በስልክ ቋሪት ደረሰ። እትዬ ጥሩወርቅ ለእማ ደውለው ያሉት ይህ ነው፤ የቆላ ሙቀት ለሕፃን አይሆንም፣ የሚያድናት የደጋ አየር ነው፣ ለገበያ ቀን መጥቼ እናትየዋንም ልጅቷንም ይዤ እሄዳለሁ፣ ክርስትናውም እኛ ዘንድ ይሁን። እማ ስልኩን ዘጋችና ግድግዳ ላይ አፈጠጠች።

ይህ ለእማ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል? አራስ ልጇ ክርስትና ሳይደርስ ከቤቷ መወሰድ ማለት ነው። ማሳረስ አቃታት ተባለ ማለት ነው። ወሬውስ ይሁን። ግን ደረቷ የሚያፏጭ ጨቅላ ታቅፎ ያንን የቋሪት ብርድ መውጣት እንዴት ይሆናል? ትሁን ልሂድም አልሂድም አላለችም። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዝም አለች። ዝምታዋ ነው እኔን ያላስቀመጠኝ።

እኔ ድሮም መቀመጥ አይሆንልኝም። ዘጠነኛ ክፍልን የተውኩት ትምህርቱ ከብዶኝ አይደለም፤ ወንበሩ ነው የከበደኝ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ለጥቂት ቀናት መንገድ ተዘግቶ ባጃጅ ቆሟል። ግቢ ውስጥ ዶሮ ሳባርር፣ አጥር ሳቀና፣ የተቀናውን መልሼ ሳቀና እውላለሁ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ትሁን ልብስ ላጥብ ልውጣ፣ ተኝታለችና እይልኝ አለችኝ። ገባሁ። ውጭ ፀሐዩ ይነዳል፤ ውስጥ ግን ጣቴ አይታየኝም። ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል፤ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚሄድ። የስልኬን መብራት አበራሁ።

አንዱ ከንፈሯ ላይ ነው። ጢሙ አፍንጫዋን ይነካል። ሌላው ጣቷ ላይ ነው። ከቡፌው እስከ አልጋው ደግሞ የቀሩት እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ ተሰልፈዋል። በእጄ ጠረግኳቸው፤ ሁሉም ሮጠው ቡፌው ጀርባ ገቡ። አልጮህኩም። ሰውነቴ በሙሉ ግን ያሳክከኝ ጀመር። አሁን ስጽፈው ራሱ ያሳክከኛል።

ለእማ ነገርኳት። ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ካደችኝ። በእኔ ቤት? አለች። ጥንዚዛ ይሆናል አለች። ከብቅሉ የወጣች አንድ ሁለት ትኖር ይሆናል አለች። ቢኖርስ በረሮ መቼ ሰው ነክሶ ያውቃል፣ ጥርሱን አይተኸዋል አለችኝ። አያችሁ፤ ተሳፋሪው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ እኔና ትሁን ሕፃኗን ለክትባት ነው ብለን ይዘናት ጤና ጣቢያ ሄድን። ያዋለደቻት ሲስተር ዓለምነሽ ነበረች። ቁስሉን አገላብጣ አየች። ስለ ፀሐይ አልጠየቀችንም። ምን ትቀቡላታላችሁ አለች። ነገርናት። ክፍሉ ብርሃን አለው ወይ አለች። ነገርናት። ቤት ውስጥ በረሮ አለ ወይ ስትል ትሁን ወለሉን አየች። እኔ ግን አለ፣ ያውም ባለ ቡፌ ነው አልኳት።

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችን። በረሮ ሲበዛ ይነክሳል፤ ምግብና ቅባት የነካውን ቆዳ ይወዳል። ንክሻውን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ቅቤም ቅጠልም አታድርጉበት፣ ቢያብጥ ወይም መግል ቢይዝ ቶሎ ይዛችኋት ኑ አለች። የሚያሳስበኝ ግን ንክሻው ብቻ አይደለም አለች። ሽንት ቤት የተራመደበትን እግር ይዞ ነው ሳህናችሁ ላይ የሚወጣው፤ የሆዷ መነካት ከዚያም ሊሆን ይችላል። ኩሱና የሚጥለው ቅርፊት ደርቆ ብናኝ ይሆንና ደረት ይገባል፤ አንዳንዱን ልጅ እንዲህ ያስፏጨዋል። ደረቷን አዳምጣ መድኃኒት ሰጠቻት፤ መስኮት ክፈቱ፣ ቀጠሮዋንም አታሳልፉ አለችን።

እኔ ታዲያ መላው አለኝ አልኳት። ገበሬ ለማሳው የሚገዛው መርጫ አለ፤ አንዴ ብረጨው ዘራቸው አይተርፍም።

ሲስተር የያዘችውን ዕቃ አስቀመጠችና አየችኝ። «እሱን እዚያ ክፍል ከረጨህ ከበረሮው ቀድማ የምትታመመው ልጅቷ ናት» አለች። የማሳ መድኃኒት ለማሳ ነው፣ አንተ ምግባቸውን ውሰድባቸው፣ ጨለማቸውን ውሰድባቸው፣ መደበቂያቸውን ድፈንባቸው አለችኝ። ይኸው ነው። ወጣሁ። ጦርነት መሆኑ ገባኝ፤ ግን ጥይት የሌለው።

ቤት ስንገባ ሲስተር ያለችውን ሁሉ ለእማ ነገርኳት። ሲስተርም እኮ ገና ልጅ ናት አለች እማ። በቃ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ትሁን ሕፃኗን ይዛ ሳሎን እንድትቀመጥ አደረግኩ። ቅቤ አነሳሁና የራሴን ጣት ቀባሁ፤ ጥሩ አድርጌ፣ እንደ ገንፎ። «እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጠገቤ ተቀመጭ። ካልመጡ ሁለተኛ ስለ ቡፌሽ አፌን አልከፍትም» አልኳት። ይቺን ስትሰማ ተቀመጠች።

ጣቴን የሕፃኗ ቦታ ላይ አጋድሜ በጨለማው ጠበቅን። እማ በመሃል ምጥ ይመስል ምን ያስተነፍስሃል አለችኝ። ፈርቼ ነው አላልኳትም። መጀመሪያ ጢም መጣ። ከዚያ እግር። ከዚያ ይልሱኝ ጀመር። ሰው መላሱን ይችለዋል፤ እመኑኝ። አንደኛው ቆነጠረኝ። እጄን ሳላነቃንቅ በሌላው እጄ መብራቱን አበራሁ።

እማ አየች። ጣቴ አልታይ ብሏል፤ በላዩ ላይ የሚርመሰመሰው ነው የሚታየው። የሕፃኗን ቁስል አንድ በአንድ ስታስታውስ ፊቷ ላይ ይታወቅ ነበር።

«እኔ ነኝ ለካ ሳበላት የከረምኩት» አለች።

ከዚያ ተነሳች። መቀነቷን ጠበቅ አደረገች።

«አውጣው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቡፌውን ነዋ።»

በማግስቱ የገበያ ቀን ነው፤ እትዬ ጥሩወርቅ የሚመጡበት። ፀሐይ ወጣ ሲል የሰፈር ጎረምሶች ጠርቼ ቡፌውን በአራት ማዕዘን ይዘን እየተንገዳገድን ግቢ መሃል አቆምነው። ብርጭቆው ወጣ። መሳቢያው ወጣ። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ጆንያው ሁሉ ወጣ። እማ የመስኮቱን ጋቢ በአንድ እጇ ስባ ጣለችው፤ ያ ክፍል ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ብርሃን ገብቶበት አያውቅም። ሰፈርተኛው ሰው የሞተ መስሎት ተሰበሰበ። የሞተ የለም፤ ገና ሊሞት ነው።

የቡፌውን ጀርባ በፌሮ ፈለቀቅኩት። ኮምፔንሳቶው ሲላቀቅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ግድግዳው ራሱ የሚሄድ መሰለ። ትልቁ፣ ትንሹ፣ እንቁላል የተሸከመው፣ ገና ነጭ የሆነው። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደኋላ አፈገፈጉ። ጎረምሶቹም አፈገፈጉ፤ እንትፍ እያሉ።

ያላፈገፈገ ቢኖር ቀዩ አውራ ዶሯችን ብቻ ነው። አንገቱን ሰበር አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየ። አንዱን ለቀመ። ቀና ብሎ አሰበበት። ከዚያ ሴት ዶሮዎቹን ጠራ። ዶሮ ሲጠራ ሰምታችኋል አይደል? የግቢው ዶሮዎች በሙሉ ክንፋቸውን ዘርግተው መጡ፤ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር እየዘለሉ መጡ። እኔ ቡፌውን በመዶሻ እመታለሁ፣ በረሮው ይረግፋል፣ ዶሮው ይለቅማል። ወደ ቤት ልመለስ ያለውን ትሁን የበሩ ደፍ ላይ ቆማ በፈላ ውሃ ትቀበለዋለች። እህቴ ከወለደች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እልል ያለው ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ግን አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት።

እትዬ ጥሩወርቅ በዚህ መሃል ደረሱ። ሕፃን ማቀፊያ ይሁን ብለው አዲስ ጋቢ ይዘዋል። በሩ ላይ ቆመው የእማን ጓዳ በሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አዩት። ሰዉ ወደ እማ ዞረ። ዶሮዎቹ ብቻ ሥራቸውን ቀጠሉ።

እማን አየኋት። ጥንዚዛ ነው ልትል ትችል ነበር። ዕቃ እያጠብን ነው ልትል ትችል ነበር። እማ መጥረጊያዋን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ምች አልነበረም። በረሮ ነው። ከእኔ ቡፌ ነው የወጣው።»

በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁባት ቀን የለም። ንግግሯን ሰምተው መጀመሪያ ሹልክ ያለችው የአጥር ጎረቤታችን ናት። ቀጥሎ ሌላዋ። አስቀያሚ ነገር አይተው ሸሹ ብዬ ልቀየም ስል፣ ከወዲያኛው ግቢ ከባድ ዕቃ ሲጎተት ሰማሁ። ከማዶም ሲጎተት ሰማሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ባይ የጎረቤታችን ቁም ሳጥን ፀሐይ ላይ ቆሟል። ያ በረሮ የሚባል አይቶ የማያውቅ ሰፈር ከምሳ ሰዓት በፊት ቡፌውንም ቁም ሳጥኑንም አውጥቶ ጨረሰ። ዶሮዎቹ ከግቢ ግቢ እየተጠሩ ነው የዋሉት።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልተንቀሳቀሱም። ቡፌውን ያያሉ። ከቡፌው ሥር የነበረውን ባዶ ቦታ ያያሉ።

«ያች ያሸከምሽኝ ካርቶን የት ነበር የተቀመጠችው?» አሏት እማን።

ከቡፌው ሥር አለች እማ፤ ሌላ ምን ትበል።

እትዬ ጥሩወርቅ ድንጋይ ፈልገው ቁጭ አሉ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ያመጡትን ጋቢ ለትሁን አቀበሏትና ሳስበው ልጅቷ እስከ ክርስትናዋ እዚሁ ብትሰነብት ይሻላል፣ ደጋው ለጊዜው አይመቻት ይሆናል አሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሲነሱ ግን ቀዩን አውራ ዶሮ በጣታቸው አሳዩ። የእኛዎቹ ገብስ ለምደው ሰንፈዋል፣ ይህን ስጡኝ አሉ። ሕፃን ሊወስዱ መጥተው ዶሮ ታቅፈው ሄዱ።

የቀረው ሥራ ቀላል ነበር ልላችሁ አልችልም። የግድግዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፈንኩ፤ ከዚያ በፊት ሲሚንቶ ቦክቼ አላውቅም፣ ግድግዳው አሁን የላም ምላስ የላሰው ይመስላል። ብቅሉ ክዳን ባለው በርሜል ገባ። ገንፎ የሚበላ ሁሉ ሳሎን ሆነ የሚበላው፣ እጁንም እማ ቆማ ታስታጥበዋለች። እንቁላላቸው ተፈልፍሎ አዲስ ትውልድ ሲሞክረን ደግሞ እንደገና ጠረግን፣ እንደገና አጠብን። የልጅቷ ከንፈር ጠገገ። ጣቶቿ ቆዳ አበጁ። ደረቷ ማፏጨቱን ተወ፤ ሲስተር ዓለምነሽ በቀጠሮዋ አዳምጣ አውራ ጣቷን አሳየችን። አሁን ጡት ይዛ የምትለቀው እሷ መሆኗ ቀርቶ፣ ልቀቂኝ ብላ የምትለምነው ትሁን ሆናለች።

ቡፌውስ አትሉም? እማ ሁለተኛ እቤት አላስገባውም አለች። ግቢ ውስጥ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሟል። ዶሮዎቹ ገብተውበታል። ባለ መስታወት የዶሮ ቤት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው፤ እንቁላሉ ከውጭ ይታያል። መንገደኛ ቆሞ ሲያየው እማ ደስ ይላታል። ድሮስ ሰው እንዲያየው አይደል የገዛችው?

አንድ ነገር ብቻ አበላሸሁ። እማን ከልክ በላይ አሳመንኳት። አሁን ለእሷ ምች የሚባል ነገር የለም። ጎረቤት ከንፈሯ አብጦ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ብትመጣ፣ ሂጂ ቁም ሳጥንሽን አውጪ ብላ ትመልሳታለች። ራሱን ያመመው ሰው ሲመጣ ሳይቀር ዓይኗ ፀጉሩ ውስጥ ጢም ትፈልጋለች።

ክርስትናው ሲደርስ ዳሱን የጣልኩት እኔ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ያለ ኮፍያ ፀሐይ ላይ ዋልኩ። ሲነጋ ከንፈሬ እንደ ፓስቲ አብጦ ተነሳሁ። ለእማ ምች መታኝ ብላት አልሰማችኝም፤ እንግዳ እየገባ አልጋዬን ገልብጣ ፍራሼን አጥር ላይ ሰቀለችው። ተደብቄ ዳማከሴ ቀጠፍኩ። የክርስትናው ፎቶ ላይ ልጅቷ ከንፈሯ ጽድት ብሎ ትታያለች፤ አጠገቧ ያለው ከንፈረ ትልቁ እኔ ነኝ።

እትዬ ጥሩወርቅም መጥተዋል። ዳሱ ውስጥ ጎናቸው ስቀመጥ አፌን ልብ ብለው አዩት። ምን ሆነህ ነው ልጄ አሉኝ። ምች ነው እትዬ፣ ዳስ ስጥል ፀሐዩ መታኝ አልኳቸው። ግራና ቀኝ አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አይዞህ» አሉኝ። «እኛም ቤት መጀመሪያ እንደሱ ነበር ያልነው። ዶሮውን እልክልሃለሁ።»